ያለ ስኳር የጠጣው ምስክር

ስሙ! የሰማ ላልሰማ ያውራ! ዶና ኤዲሌውዛ፣ የሦስተኛው ፎቅ ቴርሞሶች አዛዥ፣ የሰማንያ ስድስት ሲኒዎች ባለሙሉ ሥልጣን፣ በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ውስጥ ሁሉን እንድታይ፣ በማንም ግን እንዳትታይ ተሹማለች! ከተሾመች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ አንድ የተከበሩ እንደራሴ እንኳ ቀና ብሎ አይቷት ሹመቷን አልሻረባትም።

ያን ረቡዕ ቡና ማፍያ ክፍሏ ውስጥ ቆማ፣ ዓይኗን ትንሿ ቴሌቪዥን ላይ ተክላለች። ከግድግዳው ማዶ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ አጣሪ ኮሚቴው የግድቡን ጉዳይ እየሰማ ነው። ኦቶኒየል የሚባል መሐንዲስ፣ የማዕድን ኩባንያው ዝቃጭ ያቆረበት ግድብ መሰንጠቁን አጋልጦ ለምስክርነት ቀርቧል። ከግድቡ ሥር ባለችው መንደር የዶና ኤዲሌውዛ እህት ትኖራለች። ኮሚቴው ዛሬ «ማስረጃ የለም» ብሎ ፋይሉን ከዘጋ፣ የመንደሩን ሰው ከዚያ የሚያነሳው የለም።

«የስንጥቁን ሪፖርት በእጄ ሰጥቼዎታለሁ» አለ መሐንዲሱ። «የካርኒቫል በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ እዚሁ ቢሮዎ ውስጥ።»

ሰብሳቢው ሩበንቫል ሳቀ። በምርጫ ሰሞን ሕፃን እየሳመ፣ ከምርጫ በኋላ ከኩባንያው ጋር ጥብስ እየቆረጠ ጉንጩ የፋፋ ሰው ነው። «ይህን ሰው ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ቢሮዬ ገብቶ አያውቅም። አየሁት የሚል ካለ ይምጣ!»

«አንተ ውሸታም!» አለች ዶና ኤዲሌውዛ።

ጥበቃው አዳውቶ በሩን ተደግፎ የቺዝ ዳቦውን ይገምጣል። «ምነው ዶና ኤዲ፣ ቡናው ገነፈለብሽ?»

«ይሄ መሐንዲስ ቢሮው ገብቷል። ቡና ያቀረብኩለት እኔ ነኝ።»

«በቀን ለመቶ ሰው ታቀርቢያለሽ። በምን ለየሽው?»

«እዚህ ቤት ቡናው ቴርሞስ የሚገባው ከነስኳሩ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ስኳር የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ሦስቴ ይቅርታ ጠይቆ! ለብቻው አፍልቼ ስገባ፣ ያ ጉደኛ ሪፖርቱን እያገላበጠ ‹ስኳር የማይወድ ሰው አይታመንም› ይለዋል።»

አዳውቶ ማኘኩን አቆመ። «የሰማሽውን እዚሁ ዋጪው። ለጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ሰውዬው አንድ ስልክ ይደውላል፣ ነገ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትሸጪ አገኝሻለሁ።»

«ሽንኩርት ያስለቅሳል እንጂ አይገድልም። ጭቃው ግን እህቴን ይገድላታል።»

«ደግሞ ማን ያናግርሻል? ማይክሮፎን የለሽም!»

«ማይክሮፎኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔም ወደዚያው ነኝ» አለችና ትሪዋን አነሳች።

አዳራሹ ስትገባ ሩበንቫል ፋይሉን ለመዝጋት ድምፅ እያስቆጠረ ነበር። እንደራሴዎቹ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ትሪው ዘረጉ፤ ዓይናቸውን ግን አልዘረጉም። አንድም ሲኒ ሳትሰጥ አልፋቸው ምስክሩ ጋ ደረሰች። ትሪውን አስቀመጠችና ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለች።

«እኔ አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አለ ሩበንቫል።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቡና ያጠጣሁዎት ነኝ፣ ጌታዬ። ይህ ሰው ቢሮዎ ገብቷል። ሪፖርቱንም ሲያነቡ አይቻለሁ።»

«ጥበቃ! አስወጣልኝ!»

«እሺ ጌታዬ!» አለ አዳውቶ ከበሩ፤ ጎንበስ ብሎም የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። እንዲህ በጥንቃቄ የታሰረ ጫማ በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። እሱ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው እስኪሻገር፣ ከተቃዋሚዎቹ ወገን አንዲት እንደራሴ ተነስታ «ምስክር ተገኝቷል፣ ድምፅ ቆጠራው ይቁም!» ብላ ጮኸች። ካሜራ ሁሉ ዞረ። ቆጠራውም ቆመ።

ፋይሉ አልተዘጋም። ዶና ኤዲሌውዛ ሐሙስ ጠዋት በመሐላ ትመሰክራለች። ከሥራ መሰናበቷን የሚነግራት ደብዳቤ ግን ገና ሳይመሽ ደርሷታል፤ በዚያ ቤት እንዲህ የፈጠነ ወረቀት ኖሮ አያውቅም።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ ያን ቀን ሶፋህ ላይ ተዘርግተህ «ጎበዝ ሴት!» እያልክ ለቴሌቪዥን ያጨበጨብክ፣ አዳራሹ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከምስክሩ ወንበር ጀርባ ሁለት መቶ ባዶ ወንበር አለ። እስቲ ሐሙስ ጠዋት፣ እባክህ፣ አንተም አንዱ ላይ…