ወይራችን ቤት የቀየረ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ሥራ ስሄድ ሚኒባሳችን መንገድ ሠሪዎች ዘንድ ቆመ። ኤክስካቫተሩ አንድ ትልቅ ግራር ከነሥሩ መንግሎ ሲጥለው በመስኮት አየሁ፤ ወዲያው ያ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል የሥር አፈር ሽታ ታክሲውን ሞላው። ረዳቱ «መስኮት ዝጉ፣ አቧራ ነው!» ይላል፤ እኔ ግን አልዘጋሁም። ያንን ሽታ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ቃሊቲ ነበር። ሰፈሩ ጋሽ ታደሰ የሚለው አባቴ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ዓመት ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ የሠራ ሰው ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰና፣ ብረት እንደ ሊጥ ሲያዞሩ የኖሩ እጆቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ግድግዳ እያየ መዋል ጀመረ። እማዬ ሬዲዮ ብትከፍትለትም፣ በነገር ሸንቆጥ ብታደርገውም፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ጠግንልኝ ብትለውም «እሺ» ከማለት አያልፍም። ሰባት ወር እንዲህ ሄደ።

በራችን ላይ አንድ ትልቅ ወይራ ነበረ፤ ቤታችን ሲሠራ አባዬ አላስቆርጥም ብሎ አጥሩን ያጣመመለት፣ እኔ እጄን ዘርግቼ ባቅፈው ጣቶቼ የማይነካኩበት። ከፈረቃ የሚወጡ የፋብሪካ ሴቶች ነጠላቸውን አንጥፈው እግራቸውን የሚያሳርፉት፣ የስልጤው ነጋዴ ጋሽ ሸምሱም ሱቁን ያስጠጋው እሱ ሥር ነበር። ታዲያ መንገዱ ይሰፋል ተባለና ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገበት። ፎርማኑ ሰኔ ሳይገባ እንደሚቆረጥ ነግሮን ሲሄድ አባዬ ከወንበሩ ተነሳና ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«አይቆረጥም። እናነሳዋለን።»

«ታደሰ፣ አብደሃል?» አለች እማዬ፤ ፊቷ ላይ ግን ከሰባት ወር በኋላ መጀመሪያ ያየሁት ፈገግታ ነበር።

በማግስቱ ጀመረ። ከወዳደቀ ሐዲድ እንደ አልጋ ያለ ተጎታች በየደ፤ ከሥሩ የሚሽከረከሩ የውሃ ቱቦዎች ቆረጠ፤ የአሮጌ ጭነት መኪና አክስል መሬት ውስጥ አቁሞ፣ አራት ሰው በእንጨት እየገፋ ሲዞረው ገመድ የሚጠቀልል መዘውር ሠራ። ሰፈሩ ሳቀ። «ሥራ ቢፈታ ዛፍ ማዛወር ጀመረ» ተባለ። ጋሽ ሸምሱ ራሱ መጥቶ «ወንድሜ፣ እኔ እንደሚሆን አላምንም፤ ጆንያውን ግን ውሰድ» ብሎ ባዶ ጆንያዎቹን ሁሉ አመጣለት። አሥር ቀን ዙሪያውን ቆፈርን፤ አባዬ ወፍራሞቹን ሥሮች በመጋዝ እየቆረጠ፣ አፈሩ እንዳይረግፍ በእርጥብ ጆንያ እየጠቀለለ፣ ልክ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው በገመድ አሰረው። ለእኔ ቱንቢ ሰጠኝ፤ ግንበኞች ግድግዳ የሚያቀኑበትን ያንን በገመድ የሚንጠለጠል ብረት። ከግንዱ ላይ አንጠልጥሎልኝ ከጎኑ በጠመኔ ምልክት አደረገና «ከእኔ ይልቅ ያንቺን ዓይን ነው የማምነው፤ ገመዱ ከዚህ ካለፈ ቁሙ በይ» አለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አርባ ሰው ተሰበሰበ፤ ግማሹ ሊያግዝ፣ ግማሹ ሊስቅ፤ ገመዱ ሲወጠር ግን ሁሉም ያዘ። ዛፉ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ከጉድጓዱ ወጥቶ ተጎታቹ ላይ ተቀመጠ፣ ቱቦዎቹም መሽከርከር ጀመሩ። ቀበሌው የፈቀደልን ቦታ ዳገቱ ላይ ያለው የኳስ ሜዳ ጥግ ነበር። ገና ሃያ እርምጃ ሳንሄድ የቱንቢዬ ገመድ ከጠመኔው ምልክት ሲያልፍ አየሁና «ቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። አንዱ ገመድ ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ ወይራው ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ አዘነበለ።

«አትልቀቁ! አባታችሁ ይሙት፣ አትልቀቁ!» አለ አባዬ፤ የመኪና ማንሻ ክሪክ ይዞም እየተሳበ ተጎታቹ ሥር ገባ። እማዬ ስሙን ጠርታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ትቶ የተበጠሰውን ገመድ ጫፍ ወገቡ ላይ ጠመጠመው። እኔ ዓይኔን ከቱንቢው አላነሳሁም፤ ክሪኩ ቀስ በቀስ ሲያነሳው፣ የቱንቢው ገመድ ተመልሶ ምልክቱ ላይ ሲያርፍ «ልክ ነው፣ አባዬ!» አልኩ። ሲመሽ ወይራው አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ የሰዉ መዳፍ ሁሉ ተልጧል፤ አባዬ እየሳቀ ያለቅስ ነበር።

ወሩ ሳይሞላ ቅጠሉ በሙሉ ረገፈ። «ማገዶ አመላለሳችሁ» ተባልን። አባዬ ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጋውን ሙሉ ጠዋትና ማታ በጀሪካን እያመላለሰ አጠጣው። በሚያዝያ አንድ ጠዋት፣ ግንዱ ላይ የጥፍር ያህል አረንጓዴ ነገር አይቶ «ጸደቀ!» እያለ ሲሮጥ ቤት ደረሰ። በዚያው ሳምንት አንድ የብየዳ ቤት የእጁን ሥራ ሰምቶ ቀጠረው።

ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ራሱ ለልማት ተነሳ። ገሚሱ ቱሉ ዲምቱ፣ ገሚሱ ሳሪስ አቦ አካባቢ፣ እኛ ገላን አራተኛ ፎቅ ደረሰን። አዲሶቹ ጎረቤቶቻችን «ጋሼ፣ ቤቱን ለመዱት?» ሲሉት አባዬ «ገና አልጸደቅሁም» እያለ ያስቅ ነበር። ሦስት ዓመት እንደዚያ አለ። የአባዬ ቀብር ላይ፣ ያን እሑድ ገመድ ከሳቡት አርባ ሰዎች የመጡት ሰባት ነበሩ፤ ጋሽ ሸምሱ በምርኩዝ መጥቶ የቀሩትን በስም አንድ በአንድ እየጠራ «እገሌስ? እገሌስ የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የአንዳቸውንም አድራሻ አላውቅም ነበር።