ለኩሬው የተለቀቀ ማሳ

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር ዝናቡ ሲጀምር ሰው ሁሉ መጠለያ ፍለጋ ይሮጣል። አንዲት ሴትዮ ግን ቦቲ ጫማቸውን አጥልቀው፣ በሻሻቸው ላይ ላስቲክ ደርበው፣ አካፋ ይዘው ከቤት ይወጣሉ። ከመንገዱ ላይ ዘይትና ናፍጣ ጠራርጎ የሚወርደው ጎርፍ መንደሩ የሚጠጣው ምንጭ ውስጥ እንዳይገባ በቦይ ሊያስቀይሱት ይታገላሉ።

ጎርፉ አርፎ የሚጣራበት ኩሬ ነበረ። የነጭ ሽንኩርት ማሳቸውን ለኩሬው የለቀቁት ታናሽ ወንድማቸው «ለመንደሩ ውሃ ነው፣ እትዬ» እያለ ስለለመናቸው ነው። ዙሪያውን ቄጠማ የተከሉትም እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ወንድምየው ኩሬውን በአፈር አስደፍኖ ላቫጆ ከፈተበት።

ትናንት ዝናቡ ሲያይል ጃንጥላ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ይመታዎታል!»

ሴትዮዋ ከምንጩ በጣሳ ቀድተው «እንካ፣ ጠጣ» አሉት።

ጣሳውን ተቀበለ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት አየ፣ አሸተተ፣ ደግሞ አየ። ሳይቀምሰው መለሰላቸው።

«ወላሂ፣ እኔ አንተን ሳምን እንዲህ አገላብጬ አላየሁህም» አሉት።