አማቴ ቡቢሉን ያጠመቁ ዕለት

አማቴ ከአዲስ አበባ ኦስሎ የመጡ ሰሞን፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ልጆቻችን ከትምህርት በሚያርፉበት ሳምንት፣ ተራራውና ባሕሩ ወደሚገናኙበት ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ልንወስዳቸው አሰብን። የምንጓዘውም የምናድረውም በቡቢል ነው፤ አልጋና ምድጃ በተገጠመለት መኪና። ሁሉም ቀድሞ ተይዞ አንድ ብቻ ሞርተንሩድ በሚባል የኦስሎ ሰፈር ተገኘ። የመኪናው ባለቤት ፊታቸው የማይፈታ ኖርዌጂያዊ ሽማግሌ ናቸው።

"ሲጋራ የለም፣ ውሻ የለም፣ ቆሻሻ የለም" አሉኝ። በቋንቋቸው "ያ፣ ያ" እያልኩ፣ በሁሉም እየተስማማሁ ቁልፉን ልቀበል እጄን ስዘረጋ፣ ከኋላዬ ውሃ ሲረጭ ሰማሁ።

አማቴ ናቸው። የጠበል ጠርሙሳቸውን ይዘው ጎማውን፣ መስኮቱን፣ መሪውን ሳይቀር "በስመ አብ" እያሉ ያጠምቃሉ።

"እማማ፣ ኧረ በማርያም!"

"ያን ሁሉ ገደል ጠበል ባልነካው መኪና ልንሄደው ነው?"

ሽማግሌው ቁልፉን ኪሳቸው መለሱት። "ምንድን ነው የሚረጩት?"

ዕረፍታችን አበቃለት አልኩ። "የመስታወት ማጠቢያ ነው" ልል ስል የአማቴ ዓይን አላስዋሸኝም።

"የተባረከ ውሃ ነው። ከአደጋ ይጠብቃል፤ ሕመምም ይፈውሳል" አልኳቸው።

"ሕመምም?"

ሽማግሌው ግራ ቀኙን ቃኙ። ጎረቤት እንደማያያቸው ሲያረጋግጡ፣ ሱሪያቸውን ቀስ ብለው ሰብስበው ያበጠ ጉልበታቸውን ለአማቴ አቀረቡላቸው።

አማቴ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ታየኛለህ? መጀመሪያ ቁልፉን ተቀበላቸው!"