ቁልቁል የምትበረዋ ወፍ

ኤርሜሊንዳ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እንደ ሌሎቹ የማፑቶ ሴቶች ወደ ባሕሩ ዳር አትወርድም። ባሏ ጆሲያስ በሕይወት ሳለ ያስለመዳትን ዙር ትዞራለች። መጀመሪያ ደረጃው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘው ፎቅ፣ ቀጥሎ ጥርሱን ያገጠጠ የሚመስለው ዳቦ ቤት፣ ከዚያ አደባባዩ መሀል የቆመችው ፊት የሌላት የብረት ሴት። ጆሲያስ ግንበኛ ነበር። በየሕንፃው ሥር ይቆምና ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ «ይሄ በፍቅር ተለስኗል» ወይም «ይሄን የለሰነው ሰው ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የመጣው» ይላት ነበር።

ዙሩ የሚያበቃው እሱ ራሱ የሠራበት ሕንፃ ጋ ነው። በጎኑ ግድግዳ ላይ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ በተተከሉ ጠጠሮች የተሠራች ትልቅ ወፍ አለች፤ ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ ጅራቷ ወደ ሰማይ። የሚኒባስ ረዳቶች ፌርማታውን «ወዳቂዋ ወፍ» እያሉ ይጣራሉ። ሰዎች «እንዲህ አድርጎ ያሰባት ማነው?» ሲሉ ጆሲያስ ፈገግ ይል ነበር። ይህን ፈገግታ ይዞ ሞተ።

የዚያን እሑድ ሕንፃው ለእድሳት በመወጣጫ እንጨት ተከቦ ሳለ ደረሰች። ኔርሲያ የምትባል ወጣት አርክቴክት አሮጌውን ንድፍ ዘርግታ ዲቶ ከሚባል የሚኒባስ ረዳት ጋር ትከራከራለች።

«ንድፉ ላይ ጭንቅላቷ ወደ ላይ ነው። ነገ ትፈርስና እንደ ንድፉ ትሠራለች።»

«ታዲያ ተሳፋሪዎቼ የት ሊወርዱ ነው?»

«ሰው ወፍ አይቶ ነው እንዴ የሚወርደው?»

«ታዲያ አንቺን አይቶ ይውረድ?»

በዙሪያው የቆሙት ሳቁ። ኤርሜሊንዳ ግን ወደ አርክቴክቷ ቀረበች። ዝም ካለች ወፏ ትፈርሳለች፤ ከተናገረች የባሏ ገመና በሰው ፊት ይወጣል። ወገቧ ላይ ያሰረችውን የካፑላና ሽርጥ ጠበቅ አደረገች።

«ልጄ፣ ንድፉ ልክ ነው። የገለበጣት ባሌ ነው።»

«ኧረ ይተዉት እማማ» አለ ዲቶ ቀስ ብሎ።

«የመጀመሪያ ልጃችንን እያማጥኩ ነበር። ወሬው ሲደርሰው የወፏ ቅርጽ የተቆረጠበትን ካርቶን ገልብጦ ለጠፈና ጠጠሩን በጥድፊያ ተክሎ ወደኔ ሮጠ። መገልበጧን ያየው በማግስቱ ነው። ሲሚንቶው ደርቋል።»

«አልተባረረም?» አለች ኔርሲያ።

«ሕንፃውን የነደፈው ሰውዬ መጣ፣ አየና ሳቀ። ‹በል እንግዲህ፣ ከሥሯ ዓሣ ትከልላት› አለው።»

ኔርሲያ ጎንበስ ብላ ከመወጣጫው ጀርባ አየች። ከወፏ መንቁር በታች አንዲት ትንሽ ዓሣ አለች።

«ይህች ዓሣ ንድፉ ላይ የለችም» አለች። «ከየት መጣች እያልኩ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት።»

«ወፏን ብታቀኗት ዓሣዋ ምን ልትሠራ ነው?» አለች ኤርሜሊንዳ።

ኔርሲያ ንድፉን ጠቀለለችው። «እንዳለች ትጠገናለች፣ እማማ። ታሪኩን ግን ልጽፈው?»

ኤርሜሊንዳ ቀና ብላ ወፏን አየች። «ጻፊው። ምጥ ላይ እንደነበርኩም አብረሽ ጻፊ።»

ሰዉ ሲበተን ወደ ግድግዳው ተጠጋችና መዳፏን ጠጠሮቹ ላይ አሳረፈች። አንዱ ገባ፣ አንዱ ወጣ ብሏል።

«ይሄን የሠራው ሰው ቸኩሎ ነበር» አለች ለራሷ።