የጎደለችው አንዲት ወረቀት

ዳቦ ጋጋሪው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምድጃ ፊት ቆሞ፣ ጉልበቱ ሲከዳው «በቃኝ!» አለ። ጥሪቱን ሰብስቦ ፊት ለፊቷ ሱቅ ያላት ቤት ሊገዛ ተነሣ፤ እያከራየ ሊጦርባት። ሌላ መጦሪያ የለውም፤ በዚህ ከተበላ አለቀለት።

ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። ካርታው በስሙ፣ ማኅተሙ ጥርት ያለ። በጓሮ በኩል ባለው ክፍል አንዲት ዝምተኛ ሴት ልብስ ትሰፋለች። «ተከራይ ናት፤ ትወጣለች» አለው። አይ የሰው ነገር! ጋጋሪው ገና ሳይገዛ ባለቤትነቱ አናቱ ላይ ወጣና፣ «እስከ ወር መጨረሻ ዕቃሽን ሰብስቢ» አላት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችውና ተመልሳ አቀረቀረች።

የቀረው ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነጻ ነው የሚል ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ማውጣት ነበር። ታዲያ ወረፋው ያደረሰው «ቀስ በሉ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላት መዝገብ ያዥ ዘንድ ነው። ሌሎቹ የፋይሉን የመጀመሪያ ገጽ አይተው ማኅተም ያሳርፋሉ። እሷ ግን ምንም ከማንበቧ በፊት ወረቀቱን አንድ በአንድ ትቆጥራለች።

«ሽፋኑ አርባ ሦስት ይላል፤ ውስጡ ያለው አርባ ሁለት ነው» አለችው።

«አንዲት ወረቀት ብትጎድል ምን ትሆናለች?»

«ሳገኛት እነግርዎታለሁ። ነገ ይምጡ።»

ነገ፣ ነገ እያለች አራት ቀን አመላለሰችው። በአራተኛው ቀን ደሙ ፈላ፤ አንቱታውም ጠፋው። «አንቺ ሴትዮ፣ ጉቦ ፈልገሽ ነው!» ብሎ ወረፋው ሁሉ እየሰማ ጮኸባት። እሷ መነጽሯን ጠርጋ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

በአምስተኛው ቀን ራሷ ደውላ ጠራችው። በአሮጌው የገቢ ደብዳቤ መዝገብ የወረቀቷን ቁጥር አግኝታ፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ቅጂውን አምጥታለች። የውርስ ውሳኔ ነው፤ የአባታቸው ቤት ለወንድምና ለእህት እኩል ይድረስ ይላል። ወንድምዬው፣ ማለትም ሻጩ፣ ወረቀቷ ከፋይሉ እንድትወጣ አድርጎ ካርታውን በራሱ ስም ብቻ አሠርቷል።

«እህቲቱስ የት አለች?» አለ ጋጋሪው።

«እዚያው ቤት ውስጥ። ልብስ ሰፊ ናት ይላል ውሳኔው።»

ጋጋሪው ቅጂውን ተቀበለ። ቀጥ ብሎ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄደ። የፍርዱን ቅጂ ሲያሳያት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ወንድሜ ውሳኔው ተሽሯል፣ የለሽበትም ብሎኝ ነበር» አለችው።

ከወራት በኋላ ካርታው በሁለቱም ስም ታርሞ ወጣ። የተጋለጠው ወንድም ድርሻውን፣ ማለትም የሱቁን ወገን፣ በሕግ ለጋጋሪው ሸጠ። የእህቲቱ ክፍል የራሷ ሆነ፤ በሽያጩ መስማማቷንም በገዛ እጇ ፈረመች።

ያን ዕለት ጋጋሪውና እህቲቱ አብረው መዝገብ ያዥዋ ፊት ቆሙ። ወረፋው እንደወትሮው እስከ ደጅ ነው።

«የሰደብኩዎት ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም ሰው ፊት ልጠይቅ» አለ ጋጋሪው። «ጥሪቴን አተረፉልኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎት። ግን እሱን ይተዉት። ይቺን ሴት ከገዛ አባቷ ቤት ላስወጣት ነበር እኮ! እኔ! ሳላውቀው ይሄን ተሸክሜ ልሞት ነበር።»