ሦስተኛው ዲስክ

ወንድምአገኘሁ ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ቤቱ ደሴ፣ ሆጤ ነው። ማለዳ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ይህን ሁሉ ዓመት ሲመላለስ ከአንድም ረዳት ጋር በመልስ ተጨቃጭቆ አያውቅም። ሠፈር ውስጥ ስለ እሱ የሚወራ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ዲስክ ይሰበስባል።

ዲስክ ሲባል የዘፈን እንዳይመስላችሁ። የጌም ነው። ጌም ሲባልም የኳስ አይደለም፤ የኳሱንማ ማን ያጣዋል! እሱ የሚሰበስበው ድሮ በግራጫው ፕሌይስቴሽን ይሠሩ የነበሩትን የታሪክ ጌሞች ነው። ጀግናው ከመንደሩ ይወጣል፣ ጓደኛ ያፈራል፣ ሰይፍና መድኃኒት እየገዛ አገር ላገር ይዞራል፤ ለመጨረስ አርባም ሃምሳም ሰዓት ይፈጃል። የሰዓቱ ግማሽ የሚያልቀው ከስክሪኑ ግርጌ የሚመጣውን ጽሑፍ በማንበብ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ከፍሎ ማንበብ የሚፈልግ ልጅ ስላልነበረ፣ እነዚህ ጌሞች ገና ሲመጡም ወዳጅ አልነበራቸውም።

ወዳጅ ያጣ ዲስክ የትም ይወድቃል። አንዱን ባጃጅ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ አገኘውና ሹፌሩን ለምኖ በአዲስ ባዶ ዲስክ ለወጠው። ሁለቱን ቃሉ ወረዳ ውስጥ ከአንድ ማሽላ ማሳ አወረደ፤ ወፍ እንዲያባርሩ በሲባጎ ተሰቅለው ነበር። ሌሎቹ ከጅዳና ከቤይሩት በተመለሱ ሴቶች ሻንጣ ውስጥ የመጡ ናቸው። ጭረታቸውን በጥርስ ሳሙና እያሸ፣ በለስላሳ ጨርቅ እየወለወለ ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደራቸው። ስድሳ አንድ ደርሰዋል። ኦሪጅናል የሚባል አንድም የለባቸውም፤ ሁሉም ኮፒ፣ ሁሉም ስማቸው በማርከር የተጻፈባቸው፣ አንዳንዶቹም በዐረብኛ።

«ሰው ቁም ሳጥን የሚገዛው ልብስ ሊሰቅልበት ነው» ትላለች ባለቤቱ ሰርካዲስ። እንግዳ ሲመጣ ግን ራሷ ከፍታ ታሳያለች። የልጅነት ትዝታው ነው ብላ ታስረዳለች። እሱም አጠገቧ ቆሞ «አዎ፣ ትዝታ ነው» ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹን ለሰርካዲስም ነግሯት አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ወንድምአገኘሁ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለ አንድ አሚር የሚባል ጓደኛ ነበረው። አሚር የሐርቡ ገበሬ ልጅ ነው፤ ደሴ ቤት ተከራይቶ ይማራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወርዶ ስንቁን ያመጣል። የሁለቱም ትምህርት የከሰዓት ፈረቃ ነበርና ጠዋት ጠዋት የሚውሉት ሞላ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ሞላ ቤቱ የሚሞላለት ከሰዓት ነው፤ ጠዋት ማሽኑ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብሎ በቅናሽ ያስገባቸዋል። አንድ ቀን ኳስ መስሎት የገዛውን ባለሦስት ዲስክ ጌም ወረወረላቸው። «ይኸውላችሁ፣ የማንም መጫወቻ አልሆነም፤ እናንተ እንደሆናችሁ ወሬ ትወዳላችሁ» አላቸው።

አሚር የጨዋታ እጅ ነበረው። ወንድምአገኘሁ ደግሞ እንግሊዝኛ አለው ይባል ነበር። ይባል ነበር ነው እንግዲህ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ባስነሳው ጊዜ ሳይደናቀፍ ስላነበበ ስም ወጣለት፤ ማንበብ ሌላ፣ መረዳት ሌላ መሆኑን ያጣራ አልነበረም። አሚር ጆይስቲኩን ያዘ፤ እሱም ከጎኑ ተቀመጠና ጽሑፉን ወደ አማርኛ ይመልስለት ጀመር። ካሥሩ ቃል ሦስቱን ያውቃል፣ ሰባቱን ከራሱ ያመጣል። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ይኼ አልገባኝም» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጓደኛው አፍ አፉን እያየው «አልገባኝም» የሚል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ጀግናውን «አሚር» ብለው ሰየሙት። ጌሙ ገና ሲጀምር አንዲት ነጭ የለበሰች ልጅ በመርከብ ስትወሰድ ትታያለች። ጽሑፉ ረጅም ነበር።

«ማን ናት?» አለ አሚር።

«እህትህ ናት» አለ ወንድምአገኘሁ። «ባሕር ማዶ ወስደዋታል።»

ያን ጊዜ የአሚር ታላቅ እህት ፋኢዛ ጅዳ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። እንደደረሰች አንዴ ደወለች፣ ከዚያ ወዲያ ድምጿ አልተሰማም። ወንድምአገኘሁ ይህን ያውቃል። አስቦበት ይሁን አፉ ላይ መጥቶለት፣ ዛሬም ለይቶ አያውቀውም። አሚር ግን ጆይስቲኩን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌም መጫወቱን ትቶ እህት ፍለጋ ገባ።

ታሪኩም እየጣፈጠ ሄደ። ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ባለ ጥቁር ካባ ሰዎች ደላሎች ሆኑ። ግመል የታየበት ገበያ የባቲ ሰኞ ሆነ። አንዲት አሮጊት ብቅ ባለች ቁጥር ከልጅቷ መልእክት ይዛ ትመጣለች፤ «ወንድሜን በሉት፣ ደኅና ነኝ፣ ይምጣልኝ» ትላለች። አሚር «ወላሂ?» እያለ ይሰማል። ሞላ ሳይቀር ከባንኮኒው ጀርባ «ዛሬስ አገኛት?» ማለት ጀመረ። እኔ እንደማስበው የጌሙ ደራሲዎች ያን ያህል አልለፉበትም።

ሳንቲም ባገኙ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ስለሚጫወቱ፣ ሁለተኛው ዲስክ ሲያልቅ 1997 ዓ.ም. ብቷል። ጀግናው መርከብ አግኝቶ ባሕሩን ሊሻገር ሲል ስክሪኑ ሦስተኛውን ዲስክ አስገቡ አለ። ይህቺንስ ወንድምአገኘሁም አልሳታትም። የትምህርት ሰዓት ደርሶ ስለነበር የደረሱበትን ሜሞሪ ካርዱ ላይ ሴቭ አድርገው ነገ ተባብለው ተለያዩ። በማግስቱ አሚር አልመጣም። በሳምንቱ በባቲ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ወደ ጅቡቲ ባሕር ማምራቱ ተሰማ። እናቱን «ፋኢዛን ይዣት እመጣለሁ» ብሏቸው ነበር።

ፋኢዛ በዓመቱ ሁለት ሻንጣ ሞልታ በአውሮፕላን መጣች። ደኅና ነበረች፤ አሠሪዎቿ ስልክ አላስነካ ብለዋት ነው እንጂ። ወንድሟ ያን ጊዜ ሳዑዲ ድንበር አካባቢ ከአንድ እርሻ ወደ ሌላው እየተደበቀ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ወረቀት ስላልነበረው ልመለስ ቢልም መንገድ አልነበረውም።

ወንድምአገኘሁ ቴክኒክና ሙያ ተምሮ ኮምቦልቻ ተቀጠረ። መለዋወጫው ሁሉ ከነመመሪያው በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፤ ሳያነብ ያስረከበ እንደሆነ ማሽን ይቆማል፣ ስለዚህ ሳይወድ በግድ ቋንቋውን አወቀ። ሞላ ቤቱን ሲዘጋ ግራጫዋን ማሽን ከነካርቶኗ፣ ከነሜሞሪ ካርዷና ከሦስቱ ዲስኮች ጋር ገዛት። የገዛው ትዝታ ብቻ መስሎት ነበር። የመጀመሪያውን ዲስክ አስገብቶ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ ያን የመርከቡን ጽሑፍ በሰላሳ ሴኮንድ አንብቦ ጨረሰው። ልጅቷ እህት አልነበረችም። የጠላት ንጉሥ መልእክተኛ ናት፤ በፈቃዷ ነው የምትሄደው። ጀግናውም የሚከተላት የአንድ በር ቁልፍ ስለያዘች ነው።

በአማርኛ ዋሽቶ አንድ ሰው ባሕር እንዳሻገረ ያን ጊዜ ገባው። ሌሎችም እኮ ሄደዋል፣ ወሎ ውስጥ ስንቱ ሄዷል፣ ብሎ ራሱን አጽናናው። አልጸና አለ። መሰብሰቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እጁ የገባውን የታሪክ ጌም ሁሉ መዝገበ ቃላት ይዞ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይዘል፣ እስከ መጨረሻው ያነባል። ሰው ይህን ትዝታ ይለዋል። የዚያን የአንዱን ጌም ሦስተኛ ዲስክ ግን አልነካውም።

ኅዳር 2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ የተባረሩት በአውሮፕላን መምጣት ጀመሩ። አሚር ሐርቡ መግባቱን ወንድምአገኘሁ በሁለተኛው ቀን ሰማ። ከኮምቦልቻ ሐርቡ የት ይርቃልና? ከሥራ ሲወጣ ሚኒባስ ቢይዝ ሳይመሽ ይደርሳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልሄደም። ሥራ በዛ አለ፣ ቆጠራ አለ አለ፣ ጉንፋን ያዘኝ አለ። በአራተኛው ሳምንት እሁድ አሚር ራሱ መጣ።

ከስቷል፣ ጸጉሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል። በሩ ላይ ተቃቅፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሰርካዲስ ቁርስ አቀረበች፤ አሚር ስለዚያ አገር ብዙ አላወራም። «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስ ተርፏል» ብሎ አለፈው። ቁም ሳጥኑ ሲከፈትለት ግን ቆሞ አንድ በአንድ አየ።

«ያ ጌም አለ?»

«አለ።»

«ጨርሰኸው ይሆናል።»

«አልጨረስኩም። አንተን ስጠብቅ ነው።»

አሚር በዚህ በጣም ደስ አለው። «እኔ ደግሞ ታሪኩን ጀልባው ላይ አውርቼዋለሁ» አለ። «ከጅቡቲ፣ ከኦቦክ ስንሻገር ሰዉ ያስመልሳል፣ ያለቅሳል። ጎኔ ለነበሩት ሁሉ ያቺን የልጅቷን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ አወራኋቸው። እኔማ እሷን እያሰብኩ ነው የተሻገርኩት፣ ወላሂ!»

ወንድምአገኘሁ ዓመታት ሙሉ እንዳይሆን እያለ ሲፈራው የነበረውን፣ አሚር ፈገግ እያለ አስቀመጠለት። «ዋሽቼህ ነበር» በአፉ ማለቱን ፈራ። ዲስኩን ላስገባ ብሎ ወሰነ። በትክክል አንብቦለት ራሱ ጌሙ ይናዘዝለት።

ማሽኗ አርጅታ ካልተገለበጠች ዲስክ አታነብም። በጀርባዋ አስተኟት። ሜሞሪ ካርዱ ውስጥ «አሚር» መርከቡ ላይ እንደቆመ ነበር። አሚር ጆይስቲኩን ሲይዝ ሁለት ጣቶቹ እንደማይታጠፉ ወንድምአገኘሁ አየ። ጽሑፉ መጣ፣ ቃል በቃል መለሰው፤ «የግርማዊነታቸው መልእክተኛ ደርሳለች። ስምምነቱ ከመፈጸሙ በፊት ቁልፉ መገኘት አለበት።» ቀጠለ። ስለ ስምምነቱ ሌላ ገጽ፣ ስለ ቁልፉ ሌላ ገጽ።

አሚር ዞር ብሎ አየው።

«ወንዴ፣ ምን ሆነሃል? ድሮ እኮ ጥሩ ታነብ ነበር።»

«ይኸው እያነበብኩ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ ምንም አይገባም። የምን ስምምነት ነው?» ትከሻውን ቸብ አደረገው። «ካልተናገሩበት ይጠፋል አሉ። የኔም ዐረብኛ ገና ካሁኑ እየጠፋ ነው። አብሽር፣ ቀስ ብለህ አንብብ። እህቴ የት ደረሰች?»

ስክሪኑ ላይ መልእክተኛዋ ለንጉሧ እየሰገደች ነበር። ወንድምአገኘሁ አያት፣ አሚርንም አየ። መናዘዝ እንደሆነ አሁን ነው፣ ከአሁን ወዲያ ጊዜ የለም። ሰውየው ይህን ታሪክ ይዞ ነው ባሕር የገባው፤ ይዞት ነው የወጣውም።

«መምጣትህን ሰምታለች» አለ። «ንጉሡን ልሂድ፣ ወንድሜ መጥቷል እያለችው ነው።»

«እሺስ!» አለ አሚር፣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

ሦስት እሁድ ፈጀባቸው። አሚር ጠዋት ከሐርቡ ይመጣል፣ ምሳ በልተው ይቀጥላሉ፣ አንዴ መብራት ሄዶ የሁለት ሰዓት ድካም ገደል ገባ። ወንድምአገኘሁ እንግሊዝኛውን በልቡ እያነበበ በአፉ ሌላውን ያወራል። ይህ ሳያውቁ ከመዋሸት እጅግ ይከብዳል፤ ድሮ ሰባቱን ቃል ብቻ ነበር የሚፈጥረው፣ አሁን አሥሩንም ነው።

በሦስተኛው እሁድ ከሰዓት የመጨረሻው ጠላት ወደቀ። ጀግናው የደረሰባት ደሴት መስመጥ ጀመረች። ያ ሁሉ ሰው ሲፈልገው የኖረው በር ከውስጥ ካልተዘጋ ባሕሩ ዓለምን ያጠፋል፤ ከውስጥ የዘጋውም አይወጣም። ጀግናው ገብቶ ዘጋው። ስክሪኑ ላይ «ስሜን ለእናቴ ንገሯት» የሚል ጽሑፍ ወጣ። መርከቡ ከወደቡ ራቀ፤ ልጅቷና ጓደኞቹ ሁሉ መርከቡ ላይ ናቸው።

«እኔ የት ነው የገባሁት?» አለ አሚር።

«ቤትህ ነው። ቀድመህ ደርሰሃል። ያ የእናንተ ቤት በር ነው።»

«እሷስ?»

«እየመጣች ነው። ሁሉም እየመጡ ነው።»

አሚር ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። መርከቡ ላይ ያሉት ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር።

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?»

«ደስ ብሏቸው ነው።»

የጌሙ ሠሪዎች የጃፓን ስሞች ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። አሚር ጆይስቲኩን መሬት አስቀመጠና ስሞቹን እስከ መጨረሻው አያቸው።

«እኛም ቦሌ ስንወርድ እንዲህ ነበር የተላቀስነው» አለ። «ደስ ብሎን ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር።»