የቪዲዮ ቤቱ ለቅሶ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በስልኩ ፊልም ያያል። አንዲት ሴት ሬሳ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ድምፁን ስለዘጋው ለቅሶዋ አይሰማም።

ልጅ ሳለሁ ደባርቅ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበር ገብስ ገብስ ይሸታል፤ በክረምት ደግሞ የእርጥብ ጋቢ ሽታ ይጨመርበታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቼ የህንድ ፊልም ሳይ አክስቴ አርጩሜ ይዘው መጡ። ገና በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት እናት በልጇ ሬሳ ላይ ወደቀች። አክስቴ አርጩሜውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቀዘቁና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ፊልም እኮ ነው። የሞተ ሰው የለም» አላቸው።

«እሱንስ አላጣሁትም፣ ልጄ» አሉት። «ብቻዋን ስታለቅስ ጥያት ልውጣ?»

እኔን መግረፉን ረስተውት ይሁን ትተውት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወጣቱ ለቅሶው ረዘመበት መሰለኝ፣ ሴትዮዋን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ አሳለፋት። ነጠላ አልለበስኩም ነበር፤ እጄ ግን ትከሻዬ ላይ ፈለገው።